የዓሣ ማርቢያ ዕቃዎችን በንጽሕና መያዝ፦ በሽታ ከኩሬ ወደ ኩሬ እንዳይዛመት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አርቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአገራችን ዓሣን በኩሬ ማርባት ከሰብልና ከከብት እርባታ ጎን ለጎን የሚካሄድ ሥራ እየሆነ መጥቷል። ለዚሁ ተግባር በብዛት የሚመረጠው ቆሮሶ ነው፤ በአንዳንድ ሥፍራ አምባዛና ዱባም ይረባሉ። ስለ ኩሬ አቆፋፈር፣ ስለ መኖና ስለ ጫጩት አጓጓዝ ለገበሬው ብዙ ይነገረዋል። ስለ መረቡ፣ ስለ ባልዲውና ስለ ቦቲ ጫማው ግን እምብዛም የሚነገረው የለም። ውሃ ውስጥ የሚውል ዕቃ ራሱን በራሱ የታጠበ ይመስላልና ማንም አያስበውም። ይህ ስሕተት የገበሬው ብቻ አይደለም፤ እኛም ባለሙያዎች እንፈጽመዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ ወረዳ በአንድ የሚጎተት መረብ የሚገለገሉ ሁለት ማኅበራት ነበሩ። በመጀመሪያው ማኅበር ኩሬ ዓሣ ስናወጣ ዋልንና ማምሻውን መረቡን እርጥቡን በጆንያ ጠቅልለን መኪና ላይ ጫንነው። በማግስቱ ጧት በሁለተኛው ማኅበር ኩሬ የዓሦቹን ዕድገት ለመመዘን ያንኑ መረብ ጣልን። መረቡን ጠቅልሎ የጫነው ሌላ ሰው አልነበረም፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ኩሬ ያሉት ጫጩቶች መኖ መብላት አቆሙ። ገላቸውን ከኩሬው ዳር ጋር ያሻሹ ጀመር። ከዚያም ውሃ በሚገባበት በኩል ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይተነፍሱ ነበር። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ ውስጥ ከገቡት 400 ጫጩቶች ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ።

ማኅበሩ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈለገው። ከኩሬው በላይ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤት አለ፤ በዚያው ሰሞን ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲረጭ ሰው ሁሉ አይቶታል። የሽንኩርት መድኃኒት ዓሣ ሊገድል እንደሚችልም የታወቀ ነው። በዚህ የተነሣ ነገሩ ወደ ጠብ አመራና ሽማግሌ ተሰየመ። እኔ ሊሞት ከተቃረበ ጫጩት ገላ ላይ በቢላዋ ጀርባ ጥቂት ዝልግልግ ፈሳሽ ፍቄ በአጉሊ መነጽር አየሁ። የታየኝ እየተንከባለለ የሚሄድ፣ በውስጡ እንደ ፈረስ ጫማ ብረት የታጠፈ ነገር ያለበት ክብ ተውሳክ ነበር። ይህ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ምልክት ነው። ተመልሰን የመጀመሪያውን ማኅበር ዓሦች ስናይ በትልልቆቹም ላይ ማንም ልብ ያላለው ጥቂት ነጥብ ነበረባቸው።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀርቤ ያየሁትን ስናገር የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ «ታዲያ ልጄ፣ ሰውየው መርዝ አልጨመረብንም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልጨመረም፣ አባቴ። በሽታውን በመረቡ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የዓሣውስ ይሁን፤ ለሰውየው የተናገርነውን ማን ይመልሰዋል?» አሉ። ዕርቁ በዚያው ቀን ቢፈጸምም ጎረቤቱና ማኅበሩ እንደ ቀድሞው ለመሆን ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው በዕቃ ላይ የሚጓዘው እንዴት ነው?

የነጭ ነጠብጣብ በሽታን የሚያመጣው ተውሳክ ኢክትዮፍቲሪየስ ይባላል። የሕይወቱን ዑደት ያወቀ ሠራተኛ ስለ ዕቃ ጽዳት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል። ስለዚህ ጥቂት እንዘርዝረው።

ተውሳኩ በዓሣው ቆዳና በስንጥቡ፣ ማለት ዓሣው በሚተነፍስበት ቀይ አካል፣ ሥር ገብቶ ያድጋል። ሲያድግ የደቀቀ ጨው የተነሰነሰ መስሎ በዓይን ይታያል። ከዚያም ከዓሣው ላይ ወርዶ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። ይህም የኩሬው ወለል፣ ሣር፣ ድንጋይ፣ የባልዲ ግድግዳ ወይም የመረብ ክር ሊሆን ይችላል። እዚያ እንደ ተለጠፈ ሽፋን ያበጅና በውስጡ እየተከፈለ ይባዛል። ከአንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ትንንሽ ተውሳኮች ይወጣሉ። እነዚህ እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተውሳኩ በዓሣ ላይ የማይገኝበት ጊዜ ስላለ በመረብ ላይ ተለጥፎ ለመሄድ ዓሣ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ እርጥበት ካጣ አይኖርም፤ መረቡ ፈጽሞ ከደረቀ ይሞታል። ሦስተኛ፣ የዑደቱ ርዝመት በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ዑደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈጸማል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሳምንታት ይወስዳል። በደጋ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በተለይ ይያዘው። መረቡ ከተጣለ በኋላ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይታይ ይቆይና ገበሬው መረቡን ረስቶ ሳለ በሽታው ብቅ ይላል። ሰው ጎረቤቱን የሚጠረጥረውም ያኔ ነው።

ሌሎችም ተውሳኮች በዕቃ ይጓዛሉ። የዓሣ ቅማል የሚባለው አርጉለስ በዓይን የሚታይ፣ ጠፍጣፋ፣ በዓሣው ገላ ላይ የሚሽከረከር ነፍሳ ነው። ሴቷ እንቁላል መጣል ስትፈልግ ከዓሣው ወርዳ በጠንካራ ነገር ላይ በረድፍ ትለጥፋለች። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ ተተክሎ የቆየ እንጨት፣ መኖ የሚቀመጥበት ሳንቃ ወይም ድንጋይ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ሲዛወር እንቁላሉም አብሮ ይዛወራል። ይህን ጠባይዋን መልሰን ልንጠቀምበት እንችላለን፤ ሳንቃዎችን ሆን ብሎ በኩሬው ውስጥ አስቀምጦ በየሳምንቱ እያወጡ በፀሐይ ማድረቅ እንቁላሉን ይቀንሰዋል።

መልሕቅ ትል የሚባለው ሌርኒያ ራሱን በዓሣው ሥጋ ውስጥ ቀብሮ ክር መስሎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ልጆቹ በዓይን የማይታዩ ሆነው በውሃ ውስጥ ስለሚዋኙ በባልዲ ሥር የቀረ ጥቂት ውሃ ያጓጉዛቸዋል። በሽተኛ ዓሣ በተያዘበት መረብ ላይ ደግሞ የዓሣው ዝልግልግ ሽፋንና ቅርፊት ይቀራል። ኤሮሞናስንና ፍላቮባክቴሪየምን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በዚህ ውስጥ ይቆያሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ በማንኛውም ውሃ ውስጥ ይገኛሉና ጤነኛ ዓሣን አይደፍሩም። ሸካራ መረብ ቅርፊቱን የላጠው፣ የተጨናነቀ ወይም የተራበ ዓሣ ሲያገኙ ግን ቁስል ያወጡበታል፤ በቁስሉም ላይ ጥጥ የመሰለ ፈንገስ ይበቅላል። ስለዚህ የተቀደደና ቋጠሮው የሻከረ መረብ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ በሽታ አምጪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከባሕር ማዶ የሚሰማውንም ማወቅ ይጠቅማል። የቆሮሶ ሐይቅ ቫይረስ በመባል የሚታወቀው በሽታ በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ተለይቶ ከተገለጸ ወዲህ በሌሎች አገሮችም ተገኝቷል፤ ከአፍሪካ ግብፅ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ይገኙበታል። በጋና የቮልታ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ቫይረስ በቆሮሶ እርባታ ላይ ከባድ እልቂት አድርሷል። የቫይረስ በሽታ በዓሣ ላይ ከተነሣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከገበሬው እጅ ያለው መሣሪያ በሽታው እንዳይገባ መከልከል ብቻ ነው።

ዕቃ አጥቦ ማድረቅ

የዕቃ ጽዳት ሁለት ሥራዎች ያሉት ሲሆን ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። መጀመሪያ ቆሻሻውን ማስወገድ፣ ቀጥሎ ተሕዋስያኑን መግደል ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘሎ በቀጥታ በረኪና ይጨምርበታል። ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። በረኪናው ጭቃውንና የዓሣውን ዝልግልግ ሲያጠቃ ኃይሉ ያልቅና ለተሕዋስያኑ የሚተርፍ አይኖርም።

መረቡ ከውሃ እንደ ወጣ፣ ሳይደርቅበት፣ ከኩሬው ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይዘርጋ። የተሰካበት ሣር፣ ቅጠል፣ ቅርፊትና ቀንድ አውጣ በእጅ ይለቀም። በንጹሕ ውሃ እየተፈሰሰበት በብሩሽ ይፈተግ። የታጠበበት ውሃ ወደ ማንኛውም ኩሬ ወይም ወንዝ ተመልሶ እንዳይገባ ጉድጓድ ይቆፈርለት፤ ወይም የውሃ መስመር በማይነካው የአትክልት መደብ ላይ ይፍሰስ። በሳሙና ማጠብ ካስፈለገ ደጋግሞ ማለቅለቅ የግድ ነው። በተለይ የዱቄት ሳሙና ቅሬታ የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። ባልዲና ሳፋ በአሸዋ ወይም በአመድ መፈተግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፤ ተሕዋስያን ይገድላል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ከዚያ በኋላ ማድረቅ ይከተላል። ለአብዛኛው ማኅበር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ማድረቅ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ናይሎንን እንደ በረኪና አያሳሳም። ይሁን እንጂ «ደርቋል» የሚለው ቃል ብዙ ያሳስታል። መሐሉ ደርቆ ሳለ ቡሹና እርሳሱ የታሰሩበት ገመድ፣ እጥፋቱና ስፌቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ገመዱን በጨርቅ ጨምቆ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ ከረጠበ መረቡ አልደረቀም። በበጋ መረቡ ከፍ ባለ አጥር ወይም ገመድ ላይ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ቢያገኝ ይበቃዋል። በክረምት ግን ነፋስ በሚገባበት ጣራ ሥር አንድ ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ከደረቀ በኋላ በጥላ ይቀመጥ፤ ለወራት ፀሐይ ላይ የተተወ ናይሎን ይበጣጠሳል። ጆንያ ውስጥ እርጥቡን ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው።

ትንሽ የእጅ መረብ ከሆነ የፈላ ውሃ ይፈስበትና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይቆይ። ይህ ዘዴ ቀላል ሆኖ ሳለ ሲሠራበት ብዙም አይታይም። ለፕላስቲክ ባልዲ ግን አይሆንም፤ ይጣመማል።

ማድረቅ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ዓሣ በሞተበት ኩሬ የዋለ ዕቃ፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ ዕቃ፣ በዚያው ቀን ሌላ ኩሬ ላይ መዋል ያለበት ዕቃ በመድኃኒት መነከር አለበት።

የበረኪና አጠቃቀም

ሱቅ የሚሸጠው በረኪና ኃይሉ የተለያየ ስለሆነ በመጀመሪያ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። በ20 ሊትር ባልዲ 80 ሚሊ ሊትር፣ በ200 ሊትር በርሜል 800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። 80 ሚሊ ሊትር ለአንድ የቡና ሲኒ የቀረበ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሲኒ ሁሉ እኩል አይደለምና ማኅበሩ አንዱን ሲኒ በመርፌ መስፈሪያ ለክቶ፣ ምልክት አድርጎበት፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይለየው። በረኪናው የከፈቱት ከቆየ ወይም ፀሐይ ካገኘው ይደክማል። ሽታው የጠፋ በረኪና ውሃ ነው።

የታጠበው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ተነክሮ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከዚያም በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይውላል። ማለቅለቁ ለይስሙላ አይደለም። ዓሣ ክሎሪንን የሚሸከመው እጅግ ጥቂት ነው፤ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች የሆነው እንኳ ጫጩት ይገድላል። (የከተማ ቧንቧ ውሃ ተቀድቶ ወዲያው ጫጩት ሲገባበት የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ስለሆነ በሰፊ ሳፋ ለአንድ ቀን ማሳደር ይገባል።) የተነከረበት ውሃ ከኩሬና ከወንዝ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።

በረኪናን ከአሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሥራው ነፋስ ባለበት በውጭ፣ ጓንት ተደርጎ ይካሄድ። ቆርቆሮ ባልዲን ስለሚበላው ለነከራ የሚሆነው ፕላስቲክ ብቻ ነው። የመረቡ ናይሎንም በተደጋጋሚ ሲነከር እየሳሳ ይሄዳልና ትልቁን መረብ በየሳምንቱ በረኪና ውስጥ የሚከት ማኅበር በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ለመግዛት ይዘጋጅ።

የእንጨት እጀታና የሣር ገመድ ውስጣቸው ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ በሽታ ከገባ በኋላ ማጽዳቱ አያስተማምንም። እነዚህን ማቃጠል ይሻላል። ዋጋቸው ከአንድ ኩሬ ጫጩት አይበልጥም።

ስለ ጨውም እንጠየቃለን። የገበታ ጨው የታመመን ዓሣ በማከም ረገድ ጥቅም አለው። ለዕቃ ማጽጃነት ግን አንተማመንበት፤ የጨው ውሃ የማይገድላቸው ተሕዋስያን ብዙ ናቸው።

በአንድ ነገር ላይ አጥብቀን እንናገር። ፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት በርሜል፣ ባልዲ ወይም የመርጫ ታንክ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዓሣ ሥራ አይዋል። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ለሰው ቀለል ቢሉም ለዓሣ ብርቱ መርዝ ናቸው።

ጫጩት ሲመጣ

ከማራቢያ ጣቢያ የሚመጣ ጫጩት በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በጀሪካን ይመጣል። ከረጢቱን ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎች ከረጢቱን ከነውሃው ይገለብጡታል። ይህ መቅረት አለበት። ከረጢቱ ውስጥ ቀስ በቀስ የኩሬውን ውሃ እየጨመሩ ዓሣውን ካለማመዱ በኋላ፣ ሳፋ ላይ በተያዘ ለስላሳ መረብ ዓሣውን ብቻ ለይቶ ወደ ኩሬው ማስገባት፣ የመጣበትን ውሃ ወደ መሬት መድፋት ነው። ከረጢቱም ለሌላ ጉዞ አይዋል።

ከአንድ በላይ ኩሬ ያለው ማኅበር አዲሱን ጫጩት ለብቻው በአንዱ ኩሬ ሦስት ሳምንት ቢያቆየው፣ በደጋ ደግሞ ጊዜውን ቢያራዝመው፣ ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ድካሙ ትንሽ ነው። ለዚያ ኩሬ የራሱ የእጅ መረብና የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ አለበለዚያ መለየቱ የስም ብቻ ይሆናል።

በጋራ ለሚገለገሉ ማኅበራት

ለያንዳንዱ ኩሬ የሚጎተት መረብ መግዛት አይቻልም፤ ይህን ማንም ይረዳል። የእጅ መረብና ባልዲ ግን ለያንዳንዱ ኩሬ ማዳረስ ይቻላል። የእጀታውን ጫፍ በየኩሬው በተለያየ ቀለም መቀባት መቀላቀልን ያስቀራል፤ ማንበብ የማይችለውም ሠራተኛ ይለየዋል።

የጋራውን መረብ በተመለከተ አንድ ኃላፊ ይመደብ። ደብተር ይያዝ፤ መረቡ መቼ፣ በየትኛው ኩሬ እንደ ዋለ፣ መቼ እንደ ታጠበ፣ መቼ ደርቆ እንደ ገባ ይጻፍበት። መረብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ኃላፊው መጀመሪያ ደብተሩን ይመልከት፤ ያልደረቀ መረብ አይሰጥም። ይህን ማለት ቀላል፣ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። የፋሲካ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ሁሉም ኩሬውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማውጣት ይፈልጋል፤ መረቡም ከእጅ ወደ እጅ እርጥቡን ይዞራል። በእኔ ግምት ከዓመቱ ሁሉ አደገኛው ወቅት ይኸው ነው። ስለዚህ ማኅበራቱ ከጾሙ አንድ ወር በፊት ተሰብስበው ተራ ያውጡ፤ በየተራው መካከልም የማድረቂያ ቀን ይቁጠሩ። ሁለተኛ መረብ ለመግዛት ገንዘብ ያለው ማኅበር ከሌላው ዕቃ አስቀድሞ ቢገዛው ተገቢ ነው።

በአንድ ቀን በብዙ ኩሬዎች መሥራት ግድ ከሆነ ሥራው ከጫጩት ኩሬ ይጀመር፣ ወደ ትልልቆቹ ይለፍ፣ የታመመ የሚጠረጠርበት መጨረሻ ይሁን። የልማት ሠራተኛውም ራሱን ከዕቃው ይቁጠር። ከኩሬ ወደ ኩሬ የምንሄደው እኛ ነን። ቦቲያችንን ሳናጥብ፣ እጃችንን ሳንታጠብ፣ በአንድ ቀን አራት ገበሬ የምንጎበኝ እኛው ነን። በመኪና ወይም በሞተር ላይ አንድ ብሩሽ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ትንሽ በረኪና መያዝ አይከብድም።

የተጠረገ ኩሬ

ዓሣው ከታመመ በኋላ ዕቃውን አጽድቶ ኩሬውን እንዳለ መተው ከንቱ ነው። ኩሬው ይፍሰስ፤ የሚፈሰው ውሃ ግን የታችኛው ጎረቤት ኩሬ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ ይነገረው። መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ በካሬ ሜትር 100 ግራም ያህል ያልበረደ ኖራ ይበተን፤ ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 20 ኪሎ ግራም ይሆናል። ውሃ ያቆረባቸው ጉድጓዶች ላይ በርከት ይበል። ከዚያ መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ። ኖራው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና የሚበትነው ሰው ነፋሱን ከኋላው ያድርግ፣ ፊቱን ይሸፍን። ውሃ ከተሞላ በኋላ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሳምንት መቆየት ይገባል።

ስለ መስታወት ገንዳዎች

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ለማስተማሪያ ወይም ለጌጥ የተቀመጡ የመስታወት ገንዳዎች ስላሉ ምክር የሚጠየቅ የልማት ሠራተኛ አይጠፋም። መሠረቱ አንድ ነው፤ ለያንዳንዱ ገንዳ የራሱ መረብና ውሃ መቅጃ ቱቦ ይኑረው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ለዓሣው የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከዓሣው ኩስና ሽንት የሚመጣውን አሞኒያ ጉዳት ወደማያደርስ ነገር ይለውጣሉ። ይህን ስፖንጅ በበረኪና ወይም በቧንቧ ውሃ ማጠብ እነርሱን ስለሚገድል ገንዳው ንጹሕ መስሎ ዓሣው በአሞኒያ ይሞታል። ስለዚህ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ማጠብ ይበቃል። በሽታ ከገባ ግን ስፖንጁ ይጣል፤ ገንዳው፣ ጠጠሩና ቱቦው ከላይ በተጻፈው መሠረት ይነከሩ። የገንዳ ዓሣ ሲሰለች ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም።

የሠራተኛው ጤና

የዓሣ በሽታ አብዛኛው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ከታመመ ዓሣ ወይም ከገንዳ ውሃ በእጅ ላይ ባለ ቁስል ገብቶ ለወራት የማይድን እብጠት ያወጣል። እጁ የተቆረጠ ሰው ያለ ጓንት ገንዳ አይጠብ። እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከዓሣ ጋር እንደሚሠራ ይንገር፤ ሳይነግረው ሐኪሙ ይህን ላያስብ ይችላል።

ከመረብ ላይ የሚለቀመው ቀንድ አውጣም ነገር አለው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች በዓሣ ሥጋ ውስጥ ቢጫ ትል የሚያመጣውን ተውሳክ፣ ሌሎቹም ለሰው ቢልሃርዚያን ይሸከማሉ። ቀንድ አውጣ የሌለበትን ኩሬ በመረብ ማስለመድ በሕፃናቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው።

ዓሣ ሲሞት

ዓሣ መሞት ሲጀምር የመጀመሪያው ሥራ ከዚያ ኩሬ ምንም ዕቃ፣ ምንም ዓሣ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። የሞተው በየቀኑ እየተለቀመ፣ ቁጥሩ እየተጻፈ፣ ከኩሬ ርቆ በጥልቀት ይቀበር፤ ኖራ ይነስነስበት። ለውሻ ወይም ለወፍ አይጣል። ቀጥሎ ከመውቀስ በፊት ይጠየቅ፤ ባለፈው አንድ ወር መረብ ተውሰን ነበር? ጫጩት አምጥተን ነበር? እንግዳ ጎብኝቶናል? ዝናብ ጥሎ ከላይ ጎርፍ ገብቷል? በአንድ ሌሊት ትልቁም ትንሹም ዓሣ አብሮ ካለቀ፣ እንቁራሪቱና የውሃ ነፍሳቱም ካለቁ፣ መርዝ ወይም የአየር እጥረት ይጠረጠራል። ሞቱ ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደና ዓሣው ገላውን የሚያሻሽ፣ ነጥብ ወይም ቁስል ያለበት ከሆነ በሽታ ይጠረጠራል።

ለምርመራ የሚላከው ከሞተ የቆየ ዓሣ አይደለም፤ እርሱ ከበሰበሰ በኋላ ምንም አይነግረንም። ምልክት የሚታይባቸው፣ ገና በሕይወት ያሉ አራት ወይም አምስት ዓሦች በኩሬያቸው ውሃ፣ አየር ባለው ከረጢት ይላኩ። ይህ ካልተቻለ አሁን የሞተውን በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሎ በበረዶ መሐል አድርጎ በዚያው ቀን ማድረስ ነው። በሌላ ጠርሙስ የኩሬው ውሃ ይጨመርበት። በወረቀት ላይ የማኅበሩ ስም፣ የኩሬው ስፋት፣ ዓሣው የገባበት ቀንና የመጣበት ቦታ፣ መሞት የጀመረበት ቀን፣ በየቀኑ የሞተው ቁጥርና በመጨረሻ የዋለው መረብ ከየት እንደ መጣ ይጻፍ። ዓሣው የተላከበት ዕቃ ባዶውን ሲመለስ ከላይ እንደ ተገለጸው ሳይታጠብና ሳይነከር ወደ ኩሬው አይቅረብ።